የዳማ ሆድ፦ ምግቧ በየጊዜው ሲቀየርላት የከረመች ውሻ ጉዳይ

ዳማ የአራት ዓመት ሴት ውሻ ናት። ዝርያዋ ድብልቅ ነው፤ ማህፀኗ ወጥቷል፤ 18 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ወደ እኔ ስትመጣ ሰገራዋ ከላላ ወራት አልፈዋል። አንዳንድ ሳምንት ደህና ትሆናለች፤ ከዚያ ያገረሽባታል። ቤተሰቡ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። መጀመሪያ በዶሮ የተሠራ ደረቅ ምግብ ትበላ ነበር፤ ወደ በግ ቀየሩላት። "ለስስ ሆድ" የሚል ከረጢት ገዙ። እህል የሌለበትን ሞከሩ። የታሸገ እርጥብ ምግብ ሰጡ። ሁሉም ሲያቅት ዶሮና ሩዝ ቀቅለው አበሏት። "ዶክተር፣ ያልሞከርነው ምግብ የለም" አሉኝ የቤቱ እናት። እውነታቸውን ነው፤ ደክመዋል።

ጉዳዩን በሙሉ የምጽፈው እንግዳ ነገር ሆኖብኝ አይደለም። እንዲያውም በጣም የተለመደ ስለሆነ ነው። ውሻው ሆዱን የሚያስቸግረው ሰው ብዙ ጊዜ "የትኛው ምግብ ይሻላል?" ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዳማ ላይ ለውጥ ያመጣው ግን የምግቡ ስም ብቻ አልነበረም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ተቀየረ። የተቀየረውም ቀስ ተብሎ ነው። "ሠራ" ወይም "አልሠራም" ከመባሉ በፊት ደግሞ በቂ ጊዜ ተጠበቀ። ይህ ባይሆን ኖሮ ትክክለኛውም ምግብ ቢመጣ አልሆነም ተብሎ ይጣል ነበር።

መጀመሪያ ሰገራው

ስለ ምግብ ከማውራታችን በፊት ስለ ሰገራዋ ብዙ ጠየቅሁ። በቀን ስንት ጊዜ ትወጣለች? የሚወጣው ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ታምጣለች? ንፍጥ የመሰለ ነገር አለው? ደም ካለ ቀይ ነው ወይስ ጥቁርና የሚያጣብቅ? ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ትንሽ ያፍራል። ለእኔ ግን ከብዙ የላብራቶሪ ወረቀት በፊት የሚመጣው መረጃ ይህ ነው።

ምክንያቱም መልሱ የታመመው የአንጀት ክፍል የትኛው እንደሆነ ይጠቁማል። ትንሹ አንጀት ሲታመም የሰገራው መጠን ይበዛል፤ ውሻው ግን ከወትሮው ብዙም ደጋግሞ ላይወጣ ይችላል። እየከሳ ይሄዳል። ደም ካለ በመንገድ ላይ ስለሚፈጭ ሰገራው ይጠቁራል። ትልቁ አንጀት ሲታመም ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ውሻው ቶሎ ቶሎ ይወጣል፣ ይቸኩላል፣ ያምጣል፤ በየጊዜው የሚወጣው ግን ትንሽ ነው። ንፍጥ ይኖረዋል። አንዳንዴ መጨረሻው ላይ ትኩስ ቀይ ደም ጠብ ይላል። ክብደቱ ግን ብዙ ጊዜ አይቀንስም።

ዳማ ቁርጥ ሁለተኛውን ነበረች። ሌሊት ሳይቀር በሩን ትቧጭር ነበር። ንፍጥ አለ፣ ማማጥ አለ፣ አልፎ አልፎም ቀይ ደም አለ። ሆዷ ይጮኻል፣ ጋዝም ያስቸግራታል። የምግብ ፍላጎቷ ግን ጥሩ ነው። ትጫወታለች፤ አልከሳችም፤ እንዲያውም ትንሽ ወፈር ብላለች። ይህ ጊዜ እንዳለን ነገረኝ። ደጋግማ የምታስመልስ፣ ምግብ እምቢ ያለች፣ የፈዘዘች፣ በፍጥነት የከሳች፣ ሆዷ የተነፋ ወይም ሰገራዋ የጠቆረ ብትሆን ኖሮ ስለ ምግብ ምርጫ አናወራም ነበር። ቡችላ ብትሆንም እንደዚያው። እንዲህ ዓይነቱ ውሻ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሰገራን ለመመዘን ከ1 እስከ 7 የሚሄድ መለኪያ አለ። 1 ደረቅና የተቆራረጠ ነው፤ 7 ሙሉ በሙሉ ውሃ ነው። ጥሩ የሚባለው 2 እና 3 ነው፤ ቅርጹን የያዘ፣ ሲያነሱት መሬቱ ላይ ብዙ የማይቀር። ዳማ 5 እና 6 ላይ ነበረች። ይህን ለቤተሰቡ ሳስረዳ የቤቱ ትንሽ ልጅ ደብተር እንደምትይዝ ቃል ገባች። በየቀኑ ቁጥሩን፣ ዳማ የበላችውን ሁሉና የተለየ ነገር ካለ እሱን ትጽፋለች። "የካካ ደብተር" አለችው። ከዚያ በኋላ ላደረግነው ሁሉ መሠረቱ ያ ደብተር ነው።

ከረጢቱ ብዙ፣ ዶሮው አንድ

ቤተሰቡ እስካሁን የሰጧትን ምግብ ሁሉ የማሸጊያ ፎቶ እንዲልኩልኝ ጠየቅሁ። የፊቱን ሳይሆን የጀርባውን፤ የንጥረ ነገር ዝርዝሩ ያለበትን። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አድርገን ስናያቸው እናትየዋ ዝም አሉ።

"የበግ" የተባለው ምግብ ፊቱ ላይ ትልቅ የበግ ሥዕል አለው። ጀርባው ላይ ሁለተኛው ንጥረ ነገር የዶሮ ዱቄት ነው። "ለስስ ሆድ" የሚለው በሩዝ ይጀምርና ወዲያው ዶሮ ይከተላል። እህል የሌለበት አተርና ድንች አለው፤ ፕሮቲኑ ግን ዶሮ ነው። እርጥቡ "ከበሬ ሥጋ ጋር" ይላል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን የተጻፈው "ሥጋና የእንስሳት ተዋጽኦ" ነው፤ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ አይታወቅም። ቤት የተቀቀለው ደግሞ ራሱ ዶሮ ነው። ይህ ሁሉ ምግብ ሲቀያየር ዳማ ከዶሮ ርቃ እንደነበር በእርግጠኝነት የምንናገርለት አንድም ጊዜ አልነበረም።

ይህ ጥፋተኛው ዶሮ ነው ማለት አይደለም። ገና አልተፈተነም ማለት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

የከረጢት ፊት ላይ ያለ ቃል ብዙ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ትርጉም አለው። ለምሳሌ አፍኮ የሚባለው የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ደንብ "ከበሬ ሥጋ ጋር" ለሚል ምግብ የሚጠይቀው 3 በመቶ የበሬ ሥጋ ብቻ ነው። የቀረው 97 በመቶ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሌላም ነገር አለ። ዝርዝሩ የሚደረደረው ከመቀነባበሩ በፊት ባለው ክብደት ነው። ትኩስ ሥጋ ብዙ ውሃ ስለያዘ ይመዝናልና መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። ሲደርቅ ግን ድርሻው ከኋላው ከተጻፈው የሥጋ ዱቄት ሊያንስ ይችላል።

እህል የሌለበትን የገዙት "እህል ለውሻ አይስማማም" ሲባል ሰምተው ነው። ነገሩ እንደሚወራው አይደለም። በ2016 የታተመ አንድ የጥናቶች ስብስብ በምግብ ምክንያት የቆዳ ችግር የነበረባቸውን ውሾች መርምሮ ነበር። በብዛት የተገኙት መንስኤዎች በሬ 34 በመቶ፣ የወተት ተዋጽኦ 17 በመቶ፣ ዶሮ 15 በመቶ፣ ስንዴ 13 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ የቆዳ እንጂ የሆድ ሕመምተኞች መሆኑን ልብ በሉ። ያም ሆኖ ውሾች በብዛት የሚበሉት የእንስሳት ፕሮቲን ከእህል ቀድሞ መጠርጠር እንዳለበት ያሳያል።

እርጥቡን ምግብ የመረጡት ደግሞ "ስቡ ትንሽ ነው" ብለው ነው። ማሸጊያው ላይ ስብ 6 በመቶ ይላል፤ ደረቁ ላይ 14 በመቶ። ሲታይ እርጥቡ የቀለለ ይመስላል። ነገር ግን እርጥቡ 78 በመቶ ውሃ ነው። ውሃው ሲወጣ የሚቀረው 22 በመቶ ነው፤ 6ን ለ22 ስናካፍል ስቡ 27 በመቶ ገደማ ይመጣል። ደረቁ ውሃው 10 በመቶ ነው፤ 14ን ለ90 ስናካፍል 16 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ቀለል ይላል ብለው የሰጧት ምግብ በስብ ከደረቁ በብዙ ይበልጥ ነበር። ስብ ደግሞ ሆዱ ለተረበሸ ውሻ ከባድ ነው። ይህችን ስሌት ማንም ሰው በስልኩ ሊሠራት ይችላል። እርጥብና ደረቅ ምግብን ያለ እሷ ማወዳደር አይቻልም።

መጠኑንም አየን። ይሰጧት የነበረው በኩባያ ነው፤ ኩባያውም ሁልጊዜ ሞልቶ ይፈስ ነበር። ለ18 ኪሎ ውሻ ዕረፍት ላይ የሚያስፈልገው ጉልበት የሚሰላው የኪሎ ክብደቱን በ0.75 አርቢ (ፓወር) ከፍ አድርጎ በ70 በማባዛት ነው፤ 610 ካሎሪ ገደማ ይመጣል። ማህፀኗ ለወጣ፣ መካከለኛ እንቅስቃሴ ላላት ውሻ በ1.6 ሲባዛ 980 አካባቢ ነው። ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ከውሻ ውሻ ይለያያል። ዳማ ግን ከዚያ በላይ ትበላ ነበር። ከመጠን በላይ መብላት ብቻውን ሰገራ ያላላል። ኩባያውን ትተን የወጥ ቤት ሚዛን ጀመርን።

አንቲባዮቲኩና የፀጉር ምርመራው

ዳማ ከዚህ በፊት ደጋግማ ሜትሮኒዳዞል ወስዳለች። "ኪኒኑን ስትወስድ ትድናለች፤ ሲያልቅ ይመለስባታል" አሉ አባትየው። ይህን ብዙ ሰው ይናገራል፤ እውነትም ነው። መድኃኒቱ ለጊዜው ያሻሽላል። ነገር ግን አንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አብሮ ይመታል፤ እነሱ እስኪያገግሙ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። አሁን ያለው የሕክምና አቅጣጫ ሥር ለሰደደ ተቅማጥ መጀመሪያ ምግብ ይፈተን እንጂ አንቲባዮቲክ አይቅደም የሚል ነው። እኔም በዚህ አጥብቄ አምናለሁ። አልሰጠሁም።

ቤተሰቡ በፀጉር ናሙና የተሠራ "የአለርጂ ምርመራ" ውጤትም ነበራቸው። ወረቀቱ ዳማ መብላት የለባትም የሚላቸውን ምግቦች በረጅሙ ይዘረዝራል። እንዲተዉት ነገርኳቸው። በፀጉር፣ በምራቅም ሆነ በደም የሚደረጉ የምግብ አለርጂ ምርመራዎች የሚታመኑ አይደሉም። የሚታመነው መንገድ አንድ ነው፤ ምግቡን አውጥቶ ማየት፣ ከዚያ መልሶ ሰጥቶ ማየት። አድካሚ ነው፤ ግን ሌላ አቋራጭ የለም።

ምንም ያልቀየርንበት ሳምንት

መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ምንም አለመቀየር ነው። እናትየዋ ይህን ሲሰሙ ቅር አላቸው። ዛሬውኑ አዲስ ምግብ ይዘው ሊገቡ ነው የመጡት። እኔ ግን ከምግቦቹ አንዱን፣ "ለስስ ሆድ" የሚለውን ደረቅ ምግብ ብቻ፣ በሚዛን፣ ያለ ምንም ማባበያ ለአንድ ሳምንት እንዲሰጡ ጠየቅኳቸው። መነሻችንን ሳናውቅ መሻሻሉን ልናውቅ አንችልም። ቁጥሩ በዚያ ሳምንት 5 ላይ ረጋ። ጥሩ ባይሆንም ቢያንስ የሚታወቅ ሆነ።

በዚሁ ሳምንት ምርመራዎቹን ሠራን። ከተለያዩ ቀናት የተሰበሰበ ሰገራ ለጥገኛ ተውሳኮች ታየ፤ ለጃርዲያ ለብቻው ምርመራ ተደረገ። ምንም አልተገኘም። ይሁን እንጂ ፌንቤንዳዞል የሚባል የትል መድኃኒት ሰጠኋት። ትልቁ አንጀት ውስጥ የሚኖረው ትሪኩሪስ የሚባል ትል እንቁላሉን የሚጥለው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ምርመራው ንጹህ ቢልም ትሉ ሊኖር ይችላል። መድኃኒቱ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ሳይሰጡ ምግብ መፈተን ግን ወራት ሊያባክን ይችላል። የደም ምርመራዋ ደህና ነበር። አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲኗ አልቀነሰም። ይህም በአንጀቷ ፕሮቲን እየፈሰሰ እንዳልሆነ ያሳያል። ቫይታሚን ቢ12 ደህና ነው። እሱ ሲያንስ ምግብ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞኗም የአዲሰን በሽታን (የአድሬናል ዕጢ ሆርሞን ማነስን) ለመተው በሚያስችል መጠን ላይ ነበር። ይህ በሽታ ሆድ ብቻ መስሎ የሚመጣ አታላይ በሽታ ነው። ቆሽቷን የሚመለከተውን ምርመራ አላዘዝኩም፤ ያልከሳችና የትልቁ አንጀት ምልክት ያላት ውሻ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው አይደለም።

ለምን ያንን ምግብ

ሦስት መንገድ ነበረን። አንደኛው ዳማ በልታ የማታውቀውን ፕሮቲን መስጠት ነው። ሁለተኛው ሃይድሮላይዝድ የሚባለው ምግብ ነው፤ ፕሮቲኑ በኢንዛይም ተቆራርጦ የሰውነት መከላከያ ለይቶ እንዳያውቀው ተደርጎ ይደቅቃል። ሦስተኛው ፋይበር የበዛበት ምግብ ነው፤ የትልቁ አንጀት ችግር ያለባቸው ብዙ ውሾች በእሱ ይሻላቸዋል።

"በልታ የማታውቀው" የሚለውን መንገድ ተውኩት። እርጥቡ ምግብ ውስጥ ምን እንደነበረ ማንም አያውቅምና ምን እንዳልበላች መናገር አልቻልንም። ከዚህም ሌላ በየሱቁ የሚገኙ "አንድ ፕሮቲን ብቻ" የሚሉ ምግቦች ሲመረመሩ ዝርዝራቸው ላይ ያልተጻፈ የሌላ እንስሳ ፕሮቲን የተገኘባቸው ጥቂት አይደሉም። አንድ ፋብሪካ በአንድ መስመር ብዙ ዓይነት ምግብ ሲያመርት ይህ ያጋጥማል። ለዕለት ምግብነት ችግር ላይሆን ይችላል፤ ለፈተና ግን አይሆንም። ሃይድሮላይዝዱን መረጥን፤ ከዶሮ የተሠራውን ሳይሆን ከአኩሪ አተር የተሠራውን። ለዶሮ በጣም ስሱ የሆነ ውሻ በተቆራረጠ ዶሮም ሊነካ ይችላልና።

ፋይበርስ? አብረን ለምን አልጀመርነውም? እናትየዋም ይህንኑ ጠየቁኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ብንጀምርና ብትሻላት የትኛው እንደረዳት አናውቅም። ፋይበሩን ለሁለተኛ ዙር አስቀመጥነው።

የተቀቀለ ዶሮና ሩዝ ለጥቂት ቀን እንጂ ለወራት አይሆንም። ካልሲየምና ዚንክን ጨምሮ ብዙ ነገር ይጎድለዋል። በ2013 የታተመ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ጥናት ለውሻ የተዘጋጁ 200 የቤት አሰራሮችን መርምሮ 95 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር እንደሚጎድላቸው አግኝቷል። ቤት ማብሰል የሚፈልግ ሰው በእንስሳት አመጋገብ ከሠለጠነ ባለሙያ የተሰላ አሰራር ያስፈልገዋል።

ሽግግሩ

ለጤነኛ ውሻ ምግብ መቀየር ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይወስዳል። ዳማን ወደ ሁለት ሳምንት ሰጠናት። መጀመሪያ ሩብ አዲስ፣ ሦስት ሩብ አሮጌ። ከዚያ ግማሽ በግማሽ። ከዚያ ሦስት ሩብ አዲስ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የምናልፈው ቀኑ ስለደረሰ አይደለም፤ የደብተሩ ቁጥር ካልባሰ ነው።

ቀስ ማለቱ ያለምክንያት አይደለም። አንጀት የሚያመነጨው ኢንዛይምና ውስጡ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የለመዱትን ምግብ ይከተላሉ። አዲስ ዓይነት ስብ፣ ስታርችና ፕሮቲን በአንድ ሌሊት ሲመጣ ያልተፈጨው ክፍል ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ይቦካል፣ ውሃ ይስባል፣ ጋዝ ይሆናል። ምግቡ ጥሩ ቢሆንም ሰገራው ይላላል። ዳማ ላይ ከዚህ በፊት የሆነው ይህ ይመስለኛል። አንዱ ምግብ በአንድ ቀን ይገባል፤ ሰገራው ይብሳል፤ "ይሄም አልተስማማትም" ይባላል፤ ሌላው በአንድ ቀን ይተካል።

ግማሽ በግማሽ ላይ ስትደርስ ቁጥሩ ወደ 6 ወጣ። እናትየዋ ደወሉ። "ዶክተር፣ ይሄም አልሆነም፤ ላቁመው?"

"አይዞዎት" አልኳቸው። "ትበላለች? ትጫወታለች?"

"አዎ፣ ደህና ናት።"

"እንግዲያው አሁን እየፈተኑ ያሉት አዲሱን ምግብ አይደለም፤ ግማሹ አሁንም አሮጌው ነው። ባሉበት ይቆዩ። ወደፊትም ወደኋላም አይሂዱ።"

ቆዩ። ሰገራዋ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ 5 ተመለሰ፤ ከዚያ ቀጠልን። በእኔ አስተያየት ከጉዳዩ ሁሉ ከባዱ ያ ሳምንት ነበር። ቤተሰቡ ከዚህ በፊት ሁሌ የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው። ሰገራው ውሃ ቢሆን ወይም ዳማ መብላት ብታቆም አንድ ደረጃ ወደኋላ እንመለስ ነበር፤ ሁለት ነጥብ ቢብስም እንደዚያው።

ሙሉ በሙሉ አዲሱ ላይ ከደረሰች በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንዲጠብቁ ነገርኳቸው። የሆድ ችግሩ ከምግብ የመጣ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ጊዜ ውስጥ መሻሻል ያሳያል። የቆዳ ማሳከክ ቢሆን ግን እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ወይ ቶሎ ይተወዋል ወይ ያለ ውጤት ይጎተታል።

ወርሃዊውን የጥገኛ ተውሳክ መከላከያም ቀየርን። ትወስድ የነበረው በሥጋ ጣዕም የተሠራ የሚታኘክ ኪኒን ነው። ለፈተናው ጊዜ ቆዳ ላይ በሚፈስ ተካነው። የውሻ የጥርስ ሳሙናም ብዙውን ጊዜ በዶሮ ጣዕም ይሠራል፤ ያንንም አቆሙ።

እሑድና ሰኞ

ቁጥሩ ወረደ። 4 ሆነ፤ አንዳንድ ቀን 3። የሌሊቱ መቧጨር ቆመ። ግን በየሳምንቱ አንድ ቦታ ላይ ያገረሻል። ያገኘችው ያቺው ልጅ ናት። ደብተሯን ይዛ መጣችና "ዶክተር፣ እዩት፤ ሁልጊዜ ሰኞ ነው" አለችኝ። እሑድ ማታ ይጀምራል፤ ሰኞ 5 ይሆናል፤ ረቡዕ ይረጋል።

እሑድ አያቷ ይመጣሉ። ዳማ ከእግራቸው ሥር አትጠፋም። ልጅቷ ስትጠይቃቸው "እኔ ምግብ አልሰጠኋትም፤ ቺዝ ብቻ ናት" አሏት። አልዋሹም። በእሳቸው ቤት ምግብ ማለት ሳህን ላይ የሚቀርበው ነው፤ ቁራሽ ቺዝ ፍቅር ነው። ይህን የሚመስል ነገር ያልገጠመበት የምግብ ፈተና አላስታውስም። ስለዚህ ሰዎችን "ሌላ ምን ትሰጧታላችሁ?" ብዬ አልጠይቅም። "አፏ ውስጥ የሚገባው ምን ምንድን ነው? ከማን እጅ?" እላለሁ።

አባባን መከልከል አልፈለግኩም። ከዳማ ጋር ያላቸው ነገር የሚያምር ነው። ከቀኑ ምግቧ ላይ ተመዝኖ የተቀነሰ አንድ እፍኝ ሃይድሮላይዝድ ምግብ እሑድ እሑድ ለእሳቸው እንዲቀመጥ አደረግን። ዳማ ከእጃቸው እስካገኘች ድረስ ልዩነቱ ግድ አልሰጣትም። ሰኞ ላይ ይታይ የነበረው ማገርሸት ጠፋ። ለወደፊቱም ማባበያ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ተስማማን፤ ለዳማ ያ ወደ 98 ካሎሪ ነው።

ፋይበሩ

አሁን ቁጥሩ ብዙ ቀን 3 ነው፤ ንፍጡ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ሁለተኛውን ዙር ጀመርን። ሳይሊየም የሚባለውን የዘር ልጣጭ፣ ጣፋጭ ያልተጨመረበትን፣ ከትንሽ መጠን ጀምረን በብዙ ውሃ አርሰን ምግቧ ላይ ጨመርን። ጣፋጭ ያልተጨመረበት የምለው በምክንያት ነው። ለሰው የሚሸጡ አንዳንድ ምርቶች ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ለውሻ መርዝ ነው።

ሳይሊየም ውሃ ይይዛል፤ ሰገራው ቅርጽ ያገኛል። ከፋይበር የተወሰነውን ደግሞ የአንጀት ባክቴሪያዎች ያቦኩትና ቡታይሬት የሚባል አሲድ ይሠራሉ። የትልቁ አንጀት ሽፋን ዋና ነዳጁ እሱ ነው። ጋዙ ለጥቂት ቀን ጨመር አለ፤ መጠኑን ሳንጨምር ጠበቅን፤ ቀነሰ። ንፍጡም ጠፋ።

መልሶ መፈተን

ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ያቆማል። ውሻው ድኗል፤ ለምን እንነካካው? ይገባኛል። ግን ሳንፈትን ብንተው ዳማ ዕድሜዋን ሙሉ ውድ በሆነ የሕክምና ምግብ ትኖራለች፤ የተጎዳችው በዶሮ ይሁን በስብ፣ በብዛት ይሁን በፈጣን ለውጥ አናውቅም። ለተወሰኑ ሳምንታት ረግታ ከቆየች በኋላ አንድ በአንድ ፈተንን።

ቆዳው የወጣ የተቀቀለ ዶሮ፣ ትንሽ ቁራጭ፣ በየቀኑ። ብዙ ቀን አልወሰደም። ጋዙ መጣ፤ ንፍጡ ተከተለ፤ ቁጥሩ 5 ገባ። አቆምን፤ ረጋች። አንድ ጊዜ አጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል ደገምነው። ያው ሆነ። የበሬ ሥጋ ተሰጣት፤ ምንም አልሆነችም። ስንዴ፤ ምንም። ዓሣ፤ ምንም። ቺዙን ግን ለመፈተን እናትየዋ ፈቃደኛ አልሆኑም። እኔም አልገፋሁም፤ የእሑዱ ደብተር በቂ ነው።

ስለዚህ የዳማ ችግር አንድ አልነበረም። ዶሮ አለ፤ ምናልባት የወተት ተዋጽኦም። ከመጠን ያለፈ ምግብ አለ። ስስ የሆነ ትልቅ አንጀት አለ፤ ፋይበር የሚፈልግ። በላዩ ላይ ደግሞ እነዚህን ሁሉ የሸፈነው የማያቋርጥ መቀያየር አለ። ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ብናነሳ ግማሽ መሻሻል እናይና ተስፋ እንቆርጥ ነበር።

አሁን የምትበላው

አሁን በዓሣ የተሠራ ደረቅ የሙሉ ጊዜ ምግብ ላይ ናት። የመረጥነው በማስታወቂያው አይደለም። ቤተሰቡ ለአምራቹ ጥያቄ ጻፉ፤ ምግቡን የሚቀምረው ማን ነው፣ ሙያውስ ምንድን ነው? የተሟላ መሆኑ በምን ተረጋገጠ? በአንድ ግራም ስንት ካሎሪ አለው? የዶሮ ምግብ በሚመረትበት መስመር ነው የሚመረተው፣ ከሆነስ በመሃል እንዴት ይጸዳል? የዓለም የትናንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር የምግብ መመሪያም ሰዎች አምራቾችን በዚህ መንፈስ እንዲጠይቁ ይመክራል። የመጀመሪያው አምራች ሥዕል ያለበት ማስታወቂያ ላከላቸው። ሌላው ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ሰጠ። ሁለተኛውን ገዙ። ሽግግሩ እንደ በፊቱ በሩብ በሩብ ሆነ፤ በዚህኛው ግን የሚያስደነግጥ ቀን አልነበረም።

ሰገራዋ ብዙውን ቀን 2 ወይም 3 ነው። ቤት እንግዳ ሲበዛ ወይም ለጉዞ ስትወጣ 4 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቤተሰቡ ምግቡን አይነካም፤ አንድ ሁለት ቀን ይጠብቃል። ክብደቷ ወደ 17 ኪሎ ወርዷል፤ የጎን አጥንቷ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። የምትበላው በዚያው ልክ እንደገና ተሰልቷል።

በቅርቡ እናትየዋ የአዲስ ከረጢት ፎቶ ላኩልኝ። አምራቹ ማሸጊያውን ቀይሯል፤ ዝርዝሩ ውስጥም "የዶሮ ስብ" የሚል ገብቷል። የተጣራ ስብ ብዙ ፕሮቲን ስለማይይዝ አብዛኞቹን ዶሮ የማይስማማቸው ውሾች አይጎዳም። "ብዙ አይይዝም" ማለት ግን "ምንም አይይዝም" ማለት አይደለም። የቀድሞው ከረጢት ገና ስላላለቀ ከአዲሱ ሩቡን ብቻ ቀላቅለው እንዲጀምሩና ደብተሩን እንዲከታተሉ ነገርኳቸው። ንፍጥ ከታየ ወደ ሌላው የዓሣ ምግብ እንሄዳለን። እስካሁን 3 ላይ ናት።